ከአፈር በታች ያለውን በጆሮ መለየት

ሁለት የአሜሪካ ፔኒዎችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዷ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመታች፣ ሌላዋ በ1990 ትሁን። መጠናቸው እኩል ነው፤ መልካቸው አንድ ነው፤ የሊንከን ምስልም በሁለቱም ላይ አለ። ዓመቱን ያላነበበ ዓይን አይለያቸውም። የብረታ ብረት መፈለጊያው መሣሪያ፣ ዲቴክተር፣ ግን ወዲያው ይለያቸዋል። የ1975ቷ ላይ ስታሳልፉት ድምፁ ቀጠን ብሎ ይወጣል፤ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ቁጥርም ከፍ ያለ ነው። የ1990ዋ ላይ ሁለቱም ዝቅ ይላሉ። ምክንያቱ ያለው ከውስጣቸው ነው። የቀድሞዋ ፔኒ 95 በመቶ መዳብ ነበረች። ከ1982 ወዲህ ግን 97.5 በመቶ ዚንክ ሆናለች፤ መዳቡ ከላይ የተለበጠ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። በለውጡ ዓመት በ1982 ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ተመትቷል፤ ስለዚህ ዓመቱን ማንበብም የማይጠቅምበት ጊዜ አለ።

ወዳጆቼ፣ ልቤን የወሰደው ይህ ነው። ዓይን ያላየውን ጆሮ ሲለየው መስማት! ብዙ ሰው ዲቴክተር ሲባል የሚታየው ወርቅ ነው። መሣሪያውን ይገዛል፣ አንድ ቀን ሙሉ ምስማርና ቆርኪ ሲለቅም ይውላል፣ ከዚያ «ተታለልኩ» ብሎ ከዕቃ ቤት ይወረውረዋል። መሣሪያው ግን አላታለለውም። «እዚህ ወርቅ አለ» ብሎ የሚናገር ዲቴክተር የለም። መሣሪያው የሚነግራችሁ ከኮይሉ ሥር ያለው ነገር ለኤሌክትሪክ ምን ዓይነት መልስ እንደሰጠ ብቻ ነው። መልሱ የምን እንደሆነ የሚፈርደው ሰሚው ነው፤ ፍርዱም የሚገኘው እየሰሙ፣ እየቆፈሩ፣ የሰሙትን ካገኙት ጋር እያስተያዩ በመኖር ነው። መመሪያ መጽሐፉን መሸምደድ እዚህ ቦታ አያደርስም።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ እሱን ሳታውቁ ድምፁን መለየት ይከብዳችኋል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ሰሃን የመሰለ ነገር ኮይል ይባላል። በውስጡ ጥቅል ሽቦዎች አሉ። አንደኛው አስተላላፊ ነው። በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ ያልፍበታል፤ በዚህም አብሮት የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ አፈሩን አልፎ አንድ ሳንቲም ሲያገኝ በሳንቲሙ ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይነሳሉ። አዙሪቶቹም በተራቸው ደካማ መስክ ይፈጥራሉ። ሌላኛው ጥቅል ተቀባይ ነው፤ ሥራው ይህን ደካማ መልስ መያዝ ብቻ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው በመልሱ መዘግየት ላይ ነው። አዙሪቱ በአንዳንዱ ነገር ውስጥ ከመነሳቱ ይሞታል፤ በሌላው ውስጥ ይቆያል። የደብር ደወል አንዴ ሲመታ ድምፁ እያስገመገመ እንደሚቆይ፣ በበግ አንገት ላይ ያለች ቃጭል ግን ወዲያው እንደምትከስም ማለት ነው። ወፍራሙ የብር ሳንቲም ደወሉ ነው፤ የሲጋራ ፓኮ ፎይል ቃጭሏ። መሣሪያው መዘግየቱን ለክቶ በስክሪን ቁጥር ይሰጠዋል፣ በጆሮ ድምፅ ይሰጠዋል። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ የሚዝገው ብረት ከታች ነው፣ በጎርናና ድምፅ። ፎይል ከእሱ ከፍ ይላል። አሉሚኒየም መሀል ላይ ይንሳፈፋል። መዳብና ብር ከላይ በቀጭኑ ይሰማሉ። የአያቶቻችን ማርትሬዛ፣ 28 ግራም የሚመዝነው፣ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር የሆነው፣ ቢገኝ ድምፁ ከሰልፉ ጫፍ ላይ ነው የሚሆነው።

እስካሁን ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪውና የሚጣፍጠው ክፍል ከዚህ ይጀምራል።

ቁጥሩ የሚለካው የነገሩን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ውፍረቱን፣ ስፋቱንና ቅርፁንም ነው፤ ሁሉም ባንድ ላይ ተደምረው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። የአሜሪካን አምስት ሳንቲም፣ ኒክልን ውሰዱ። ከአራት እጇ ሦስቱ መዳብ ነው፤ ስለዚህ ከመዳቦቹ ጎን ትቆማለች ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አትቆምም። መዳብ ከኒክል ጋር ሲቀላቀል ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው ክፉኛ ይወርዳልና ሳንቲሟ ከዚንኳ ፔኒም በታች ትገኛለች። ከእሷ ጎረቤት ማን አለ? የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ሲከፈት የሚላቀቀው የአሉሚኒየም ቀለበት። ከሁለቱ ጋር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆመው የሴት የወርቅ ቀለበት ነው።

አዎ፣ ወርቁ ከቆሻሻው ጋር አንድ ቤት ይኖራል። ወርቅ ራሱ ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል፤ ጌጥ ላይ ግን ከሌላ ማዕድን ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፣ ቀለበቱም ቀጭን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እንደ ካራቱና እንደ ክብደቱ ከፎይል ጀምሮ እስከ ዚንክ ፔኒ ድረስ በየትም ሊወድቅ ይችላል። የአንገት ሐብል ከዚህም ይብሳል። የተያያዙ ብዙ ትንንሽ ቀለበቶች ስለሆነ መሣሪያው በአንድነት ሳይሆን በየአንዳንዱ ዘለላ ነው የሚያየው። ከባድ ሐብል እንደ ቁራጭ ፎይል ሹክ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። «አሉሚኒየሙን ዝለልልኝ፣ ወርቁን ብቻ አሳየኝ» የሚለውን ጥያቄ ፈጽሞ የሚመልስ ማስተካከያ የለም። የሚለምኑኝ ሁሉ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፤ መልሴም አንድ ነው፦ ወርቅ የምትፈልጉ ከሆነ የቆርቆሮ ቀለበት መልቀም ውደዱ።

ብረት ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። መግነጢሳዊ ስለሆነ የአዙሪቱን መልስ ብቻ ሳይሆን መስኩን ራሱን ይስባል። ጥቃቅን ምስማር ብዙውን ጊዜ ጎርነን ብሎ ማንነቱን ይናገራል። ትልቅ ወይም የተጣመመ ብረት ግን እየዘለለ ከላይ በኩል እንደ ብር ይዘምራል። ለጀማሪ ከዚህ የከፋ ፈተና የለም፤ ቀጭን ድምፅ ሰምቶ በደስታ ይቆፍርና የበር ማጠፊያ ያገኛል።

እዚህ ላይ የልምድ ሰው ከጀማሪው ይለያል። ድምፁን ሰምቶ አይንበረከክም፤ ይጠይቀዋል። መጀመሪያ ኮይሉን ከግራ ቀኝ እያወዛወዘ ካዳመጠ በኋላ እሱ ራሱ ዞሮ በዘጠና ዲግሪ ያዳምጣል። ሳንቲም ክብ ነውና ከየትም ብትመጡበት አንድ ዓይነት ይናገራል። ጋደም ያለ ምስማር ባንድ በኩል ጥሩ ድምፅ ሰጥቶ በሌላው በኩል ይሰበራል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ከዚያ ኮይሉን በቀስታ ከፍ ያደርጋል። የሳንቲም ድምፅ ቶሎ ይሟሽሻል፤ ከመሬት አንድ ክንድ ተነስቶም የሚጮኽ ከሆነ ከታች ያለው ቆርቆሮ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነገር ነው። ቀጥሎ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። የቢራ ቆርኪ ከመሀሉ ላይ ሆናችሁ ስትሰሙት ሳንቲም ነኝ ይላል፤ ኮይሉን ጥቂት በጥቂት ወደ ጎን ስታሸሹት ግን ከጥሩው ድምፅ ሥር አንዲት ጉርርታ ብቅ ትላለች። በሚያልቅበት ጫፍ ላይ፣ ለቅጽበት። ያቺን ጉርርታ አንዴ ከለያችኋት ከዚያ በኋላ አትረሷትም። ስክሪኑ ግን አይነግራችሁም፤ ቁጥሩ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ጆሮ ግን የድምፁን አጀማመርና አጨራረስ፣ ጥራትና ሻካራነት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይይዛል። ለዚህ ነው ደህና የጆሮ ማዳመጫ ከውድ ስክሪን ይበልጣል የምለው።

ጥልቀትም ድምፁን ይለውጠዋል፤ በጣም ይለውጠዋል። መስኩ ወርዶ መልሱ እስኪወጣ በሁለቱም ጉዞ ይደክማል፤ የአንድ ሳንቲም ርቀት እጥፍ ሲሆን መልሱ በግምት 64 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ከላይ ያለው ቆርቆሮ ሲጮኽ ጥልቅ ያለው አሮጌ ሳንቲም በጭንቅ ይተነፍሳል። የሚገርመው፣ የሚፈለገው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያለው በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ነው። ኮይሉን ከመሬት አስጠግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ መንገዱን እያነባበረ የማይሄድ ሰው አይሰማትም።

አፈሩም ራሱ ይናገራል። በብረት ማዕድን የበለጸገ ቀይ አፈር ያለ ሳንቲም ይጮኻል፤ በባሕር ጨው የራሰ አሸዋም ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና እንዲሁ ያደርጋል። መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር ለማስማማት ኮይሉን ንጹሕ መሬት ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረጉ ድምፁ እስኪረጋ ያስተካክሉታል። ይህን በየቦታው መድገም የሚሰለቸው ሰው ቀኑን ሙሉ የአፈሩን ድምፅ ሲያሳድድ ይውላል።

ምልክትን ማንበብ ለምን ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ ታሪክ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ ከሰውነታቸው አልወጣም፤ የት እንዳለም አልታወቀም። ኤክስሬይ ገና 14 ዓመት ይቀረዋል። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሁለት ጥቅል ሽቦዎች የሚሠራ መፈለጊያ ይዞ መጣ፤ የዛሬው ዲቴክተር ቅድመ አያት ማለት ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥይት በሰውነታቸው ይዘው በሚኖሩ አርበኞች ላይ ሞክሮት ሠርቶለታል። ፕሬዚዳንቱ ላይ ሲሞክረው ግን ጥርት ያለ ምልክት አላገኘም፤ ሰፊ ቦታ ላይ የተዘረጋ ደካማ ድምፅ ብቻ ሰማ። የተኙበት ፍራሽ ውስጥ የብረት ሽቦ ነበረ። ሐኪማቸው ዊላርድ ብሊስ ደግሞ ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ አስቀድሞ ወስኖ ስለነበር ፍለጋው በዚያው በኩል ተወሰነ፤ የተሰማውንም ደካማ ድምፅ ለግምቱ ማረጋገጫ አደረገው። ጋርፊልድ መስከረም 19 ቀን አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቱ የተገኘው በግራ በኩል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። መሣሪያው ድምፅ ሰጥቷል፤ ድምፁም እውነት ነበር። የተሳሳተው ትርጓሜው ነው። ሰፊና ደካማ ድምፅ ከትንሽ ጥይት አይወጣም። ሰሚው መስማት የፈለገውን ነው የሰማው። ዛሬም ሜዳ ላይ በየደቂቃው የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ብር የናፈቀው ሰው ዝገቱን ብር ነው ብሎ ይሰማዋል።

ስለዚህ ልምምዱ እንዴት ይጀመር? ከሜዳ በፊት ከጠረጴዛ ይጀመር። ምስማር የሌለበት የእንጨት ጠረጴዛ ውጭ አውጡ። ቤት ውስጥ ከሆነ በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ፌሮ፣ መብራቱና ስልካችሁ ሁሉ ይረብሹታል። የጣት ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ አፍንጫው ብረት ያለው ቦቲም ካደረጋችሁ ቀይሩት። ፎይል፣ ኒክል፣ የቆርቆሮ ቀለበት፣ ሁለቱን ፔኒዎች፣ ዳይምና ኳርተር (አሥር ሳንቲምና ሃያ አምስት ሳንቲም)፣ ምስማርና ቆርኪ ደርድሩ። በ1964 ወይም ከዚያ በፊት የተመታ ዳይም ካገኛችሁ ጨምሩት፤ 90 በመቶ ብር ነው። አንድ በአንድ አሳልፉና አዳምጡ። ከዚያ ኳርተሩን ከምስማሩ አጠገብ አድርጉና እንደገና ስሙ። ብረቱ የኳርተሩን ድምፅ እንዴት እንደሚቆርጠው፣ አንዳንዴም ጨርሶ እንደሚውጠው ታያላችሁ። ብረትን ዝም የሚያሰኘውን ማጣሪያ ስትከፍቱት ደግሞ ምስማሩ አብሮት ያለውን ሳንቲም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ጀማሪዎች ማጣሪያውን እስከ ላይ ከፍተው በጸጥታ መሄድ ይወዳሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይሰማ እላለሁ፤ ጎርናናውን ያልሰማ ጆሮ ቀጭኑን ከምን ይለየዋል?

ቀጥሎ ግቢያችሁ ውስጥ፣ ከመቅበራችሁ በፊት ንጹሕነቱን በዲቴክተሩ ባረጋገጣችሁት መሬት ላይ፣ እነዚያኑ ነገሮች በተለያየ ጥልቀት ቅበሩ። ምን የት እንዳለ በወረቀት ጻፉ፤ በየጊዜው እየተመለሳችሁም ስሙ። አፈሩ ሲረጥብና ሲደርቅ ድምፁ ይለያያል፤ ልዩነቱን የምትማሩት ከዚያች ትንሽ መሬት ነው። ሜዳ ስትወጡ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሰማችሁትን ሁሉ ቆፍሩ። ከመቆፈራችሁ በፊት ግን ግምታችሁን ጮኽ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ቆርኪ ነው፣ አራት ጣት ጥልቀት»። ከዚያ አውጡና ተያዩ። ግምት ያልቀደመው ቁፋሮ ጉልበት ብቻ ነው የሚያደክመው፤ ጆሮን የሚያሠለጥነው በግምትና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህ ዓይነቱ ጆሮ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል በእንግሊዝ ፍሩም የምትባል ከተማ አካባቢ ታይቷል። የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበረው ዴቭ ክሪስፕ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 አንድ ማሳ ላይ እንግዳ ድምፅ ሰማ፤ ጥሩ ነው የማይባል፣ መጥፎም ነው የማይባል። ለዓመታት በዚሁ ሥራ የቆየ ሰው ነውና አላለፈውም። ቆፍሮ ጭቃ የያዘ ትንሽ የሮማ ሳንቲም አገኘ፤ ቀጥሎ የሸክላ ማሰሮ አፍ ብቅ አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። አቆመ። ጉድጓዱን መልሶ ከደነና አርኪዮሎጂስቶችን ጠራ። እነሱም ማሰሮውን በንብርብር፣ ቅደም ተከተሉን እየመዘገቡ አወጡት። በውስጡ 52,503 ሳንቲሞች ነበሩበት፤ ክብደታቸው ወደ 160 ኪሎ ይደርሳል። አጼ ካራውሲየስ ያስመታቸው ብቻ ከ760 በላይ ናቸው። ሰውየው በስስት ጎትቶ ቢያወጣቸው ኖሮ ሳንቲሞቹ ይገኙ ነበር፤ የተቀመጡበት ቅደም ተከተል ግን ለዘላለም ይጠፋ ነበር። የአገሪቱ ሕግ ለአግኚውና ለመሬቱ ባለቤት ዋጋ ስለሚከፍል በሐቀኝነቱ አልተጎዳም፤ የሶመርሴት ሙዚየም ክምችቱን በ320,250 ፓውንድ ገዝቶታል።

ሕግ ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን በደንብ ያዙልኝ። አሜሪካ ያላችሁ፣ በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ባለ መሬት ላይ ዲቴክተር መጠቀም ቀርቶ ይዞ መገኘትም ክልክል ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ብዙው ሜዳ ደግሞ የዚያው አገልግሎት ነው። በግል መሬት ላይ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ፤ የቆፈራችሁትንም ድፈኑ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋን እንደሚከለክል፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ እንደሚያዝ እወቁ። አክሱምና ላሊበላ አካባቢ በእጅ ስለሚቆፈር ሳንቲም ማሰብ ራሱ ያሳምመኛል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሌላ ነገር አለ። ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ ጥሩ ድምፅ የሚሰጠው ነገር ያልፈነዳ ጥይት ወይም ፈንጂ ሊሆን ይችላል፤ ዲቴክተራችሁ በዚህና ሳንቲም በሞላበት ማሰሮ መካከል አይለይም። እንዲህ ባለ ቦታ በትርፍ ጊዜ ፍለጋ አትውጡ። የፈንጂ አምካኞች ሥራ የሌላ ሥልጠናና የሌላ መሣሪያ ሥራ ነው።

የጠረጴዛው ልምምድ ግን ፈቃድ አይጠይቅም፣ አደጋም የለውም። መሣሪያ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ተዋሱት። ሳንቲሞቹን ጓደኛችሁ በጨርቅ ሥር ይደብቅላችሁ፤ እናንተ ስክሪኑን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ በድምፁ ብቻ ለዩ። ሁለቱን ፔኒዎች ሳትሳሳቱ የለያችሁ ዕለት ደውሉልኝ፤ ከዚያ ወደ ቆርኪው እንሄዳለን።